ከማለዳ እስከ መኝታ፦ ለአቃቂ ቃሊቲ አረጋውያን የቤት ጤና መመሪያ

ደም ብዛት አያምም። ስኳርም ሲጀምር አያምም። የዓይን ግፊት፣ ማለትም ግላኮማ፣ እይታን ከዳር ከዳር እየቆረጠ ሲወስድ ባለቤቱ አያውቅም። በዕድሜ የገፋ ሰው «ደህና ነኝ፣ የሚያመኝ የለም» ብሎ ሲቀመጥ እነዚህ ሕመሞች ውስጥ ውስጡን ሥራቸውን ይሠራሉ፤ አንድ ቀን ስትሮክ፣ የኩላሊት ድካም ወይም መታወር ሆነው ይመጣሉ። ስለዚህ ከ60 ዓመት በኋላ ጤና የሚጠበቀው ምንም ሳይሰማ በሚደረግ የዘወትር ልማድ ነው።

ይህ መመሪያ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ለሚኖሩ አረጋውያን የተዘጋጀ ነው፤ ከፋብሪካ ጡረታ ለወጡ፣ በቀበሌ ቤት ግቢ ለሚኖሩ፣ ከልጆቻቸው ጋር ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ለገቡ። የሚጠይቀው ገንዘብ ጥቂት ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን አይጀምሩ፤ በሳምንት አንድ ልማድ እየጨመሩ ይሂዱ።

1. መነሻዎን ይወቁ

በመጀመሪያው ሳምንት በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደው ደም ግፊትዎን፣ የደም ስኳርዎንና ክብደትዎን ያስለኩ። ለስኳሩ ምርመራ ምግብ ሳይቀምሱ ጠዋት ይሂዱ፤ ውሃ መጠጣት ግን ይችላሉ። እግርዎ የማያስኬድ ከሆነ ቤት ለቤት የምትዞረውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በወረዳዎ በኩል ያስጠሩ። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለገጠር የታሰበ ነበር፤ ኋላ ወደ ከተማም ገብቷል፤ ባለሙያዎቹ ቤት ድረስ መጥተው ይመክራሉ፣ ግፊት ይለካሉ፣ አስፈላጊ ሲሆን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያዎ መታደሱን ያረጋግጡ። ሕክምናው የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ ሪፈር ይዘው ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል ይሻገራሉ። ሪፈሩን ዘለው ቢሄዱ ወጪው ከኪስዎ ሊሆን ይችላል። ድንገተኛ ሕመም ግን ሪፈር አይጠብቅም።

ቁጥሮቹን እንዲህ ያንብቡ። በጤና ጣቢያ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት ደም ብዛት ይባላል፤ ቤት ውስጥ ሲለኩ ወሰኑ 135/85 ነው። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር ሕመም ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ደግሞ አደጋ ላይ ነው።

ከዚያ አንድ ደብተር ይግዙ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስምዎን፣ ዕድሜዎን፣ ያለብዎትን ሕመም፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነመጠናቸው፣ የማይስማማዎትን መድኃኒት፣ የቅርብ ቤተሰብ ስልክ ይጻፉ ወይም ያስጽፉ። የቀድሞ ሥራዎንም አይርሱ። ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ዓመታት ብናኝ የተነፈሰ ሳንባ፣ ብረታ ብረት ውስጥ በጩኸት የደነዘዘ ጆሮ ታሪክ አለው፤ ሐኪሙ ካልተነገረው ሳልዎን ከብርድ ሊቆጥረው ይችላል። ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ቀን፣ ሰዓት፣ ግፊት፣ ስኳር እያሉ ይመዝግቡ። ቀጠሮ ሲኖርዎ ደብተሩን ይዘው ይሂዱ።

2. ጠዋት፦ ቀስ ብለው ይነሱ፣ ከቡና በፊት ይለኩ

ከእንቅልፍ ሲነቁ ብድግ አይበሉ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እግርዎን መሬት ያስነኩ፤ ቁርጭምጭሚትዎን 10 ጊዜ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፤ አንድ ደቂቃ ያህል ይቆዩ። ከዚያ አልጋውን ወይም ከዘራውን ይዘው ይነሱ፤ ቆመው ጥቂት ሳይረጉ አይራመዱ። ደም ወደ እግር ሲወርድ ግፊት ድንገት ይቀንስና ራስ ያዞራል፤ የደም ብዛት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ይብሳል። ከስግደት ወይም ከሶላት ሲነሱም እንዲሁ ነው፤ ተንበርክከው ቆይተው፣ የሚይዙት ነገር ይዘው ይነሱ። ጉልበት ለማይችል ተቀምጦ መጸለይ ነውር የለውም።

የግፊት መለኪያ ቤት ካለ እንዲህ ይለኩ፦

ሀ. ሽንትዎን ይሽኑ። ቡና ከጠጡ ወይም ከተራመዱ 30 ደቂቃ ይለፍ።
ለ. መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ጀርባዎን አስደግፈው 5 ደቂቃ በጸጥታ ይቀመጡ። እግር አይጣመር፤ ሁለቱም መሬት ይርገጥ።
ሐ. ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ትክክል ያሳርፉ። የመለኪያው ጨርቅ በሹራብ ላይ ሳይሆን ባዶ ክንድ ላይ ይታሰር።
መ. እየተለኩ አይነጋገሩ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክተው ሁለቱንም ይጻፉ።

በየዕለቱ እየለኩ መጨነቅ አያስፈልግም። ከቀጠሮ በፊት ባለው ሳምንት ጠዋትና ማታ ቢለኩ ለሐኪሙ በቂ ነው።

3. ጓዳ፦ ጨው ሦስት በር አለው

ሐኪም «ጨው ይቀንሱ» ሲል ብዙዎች የሚታያቸው ወጥ ላይ የሚነሰነሰው ነው። ጓዳ ገብቶ ላየ ግን ጨው በሦስት በር ይገባል። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም ሲፈጭ ብዙ ጊዜ ገብቶበታል። ወጡ ሲንተከተክ ደግሞ ይጨመራል። በዚያ ላይ የሾርባ ኩብ ከታከለ አራተኛ ሆነ ማለት ነው፤ ዳቦውም የራሱ ጨው አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ይህም ከሁሉም በር የሚገባው ተደምሮ ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነው።

ማድረግ ያለብዎ፦ በሚቀጥለው ጊዜ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ያለ ጨው ይፈጭ። ጨው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። ገበታ ላይ የጨው ዕቃ አይቀመጥ። ጣዕሙን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማ፣ በቃሪያና በሎሚ ይሙሉት። ኩቡን ይተዉት። ምላስ ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የድሮው ወጥ ራሱ ጨው የበዛበት ሆኖ ይሰማዎታል። የሚጠቀሙት ጨው ግን አዮዲን ያለበት ይሁን።

ከአንድ ትሪ መብላት ፍቅር ነው፤ ችግሩ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ስኳር ያለበት ሰው እንጀራ ያበዛል፤ ጥርስ የሌለው ወይም የሚያፍር አዛውንት ደግሞ ለልጅ ልጆች ትቶ ሳይጠግብ ይነሳል። ትሪው ላይ የእርስዎ ወገን ተለይቶ ይታወቅ፤ ከወገንዎም ግማሹ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት ወይም ሌላ አትክልት ይሁን፣ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ፣ ሩቡ እንጀራ። በዕድሜ ጡንቻ ስለሚሳሳ ፕሮቲን ያለው ምግብ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በየማዕዱ ያስፈልጋል። ማኘክ የሚያስቸግር ከሆነ ምስሩ ይፈጭ፣ እንቁላሉ ይቀቀል፣ ቅንጬው ለስለስ ብሎ ይሠራ። ለሆድ ድርቀት ተልባና ውሃ ይረዳሉ። ሻይ ላይ 3 ማንኪያ ስኳር የለመዱ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ ይውረዱ።

ጠላም አረቄም ከስኳር፣ ከግፊትና ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር አይስማሙም።

4. ጾም ሲገባ

ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ፣ ወይም ረመዳን ሲመጣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቀደም ብሎ ሁለት ሰው ማማከር አለበት፦ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ወይም ኢማሙን። ሁለቱም እምነቶች ለታመመና ለደከመ ሰው መንገድ አላቸው።

በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ከቆዩ ስኳራቸው አደገኛ በሆነ መጠን ሊወርድ ይችላል። ምልክቱ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረኀብ፣ ልብ መምታት፣ መቀባጠር ነው። ሰውየው መዋጥ ከቻለ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ ወዲያው ማጠጣት፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለው መድገም፤ ሲሻለው ምግብ መስጠት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይስጡት፤ ወደ ሕክምና ይውሰዱት። ጾም ለመጾም ብለው መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፣ መጠኑንም አይቀንሱ፤ ሰዓቱን ሐኪሙ ያስተካክልልዎታል።

ጸበል የሚሄዱም እንዲሁ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው ኤችአይቪ ላለባቸው ምእመናን ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ መክረዋል። ለደም ብዛትና ለስኳርም ያው ነው፤ ክኒኑን ከረጢትዎ ውስጥ ይዘው ይሂዱ።

5. ውሃና አትክልት

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አረጋውያን ሁለት ስህተት ይሠራሉ፦ ውሃ ለመቆጠብ ብለው ሳይጠጡ ይውላሉ፣ ሲመጣ ደግሞ 20 ሊትር ጀሪካን ያነሳሉ። ሐኪም በልብ ወይም በኩላሊት ሕመም ምክንያት ካልከለከለዎ በቀን ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ ይጠጡ፤ በዕድሜ የጥም ስሜት ስለሚቀንስ «አልጠማኝም» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም። ሽንት ከጠቆረ ውሃ አንሷል። የመጠጥ ውሃዎ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ይቀመጥ፤ ቧንቧው ደፍርሶ ከመጣ ይፈላ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ መመሪያው ላይ በተጻፈው ልክ ይጨመርበት። ለእርስዎ የሚነሳው ዕቃ ከ5 ሊትር አይብለጥ።

የአቃቂ ወንዝ የከተማውን የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ተሸክሞ ነው ወደ እኛ የሚወርደው። በዳርቻው በዚሁ ውሃ በሚለማ አትክልት ላይ ተመራማሪዎች የሆድ ትላትልና ከባድ ብረቶች በተደጋጋሚ አግኝተዋል። ማጠብና ማብሰል ተሕዋስያኑን ያስወግዳል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት ግን አያወጣውም። ስለዚህ ሲገዙ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ፤ ከአንድ ቦታ ብቻ አይግዙ፤ ሰላጣን ጥሬውን ከመብላት የበሰለ ጎመንና ቆስጣ ይምረጡ።

6. ሰውነትን ማንቀሳቀስ

የአካባቢያችን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ስሙን ያገኘው በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ካጠለቀችው ከጥሩነሽ ዲባባ ነው። ከእርስዎ የሚፈለገው ግን ሩጫ አይደለም፤ በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ማለትም በቀን 30 ደቂቃ በሳምንት 5 ቀን እርምጃ ነው። ልኩ እየተራመዱ ማውራት መቻል ነው፤ ማውራት ካቃተዎ ፈጥነዋል። 30ውን ደቂቃ ሦስት ቦታ መክፈል ይቻላል። ከባድ መኪና የሚበዛበትን የደብረ ዘይት መንገድ ትተው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ግቢ ይምረጡ፤ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ቢወጡ አጥንትም ይጠቀማል።

በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክሩ እነዚህን ይሥሩ፦

ሀ. ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፈው፣ ክንድዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ከ5 እስከ 10 ጊዜ ይነሱ፣ ይቀመጡ። ካቃተዎ በእጅ እየተደገፉ ይጀምሩ።
ለ. የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ተረከዝዎን ያንሱ፣ ይመልሱ፤ 10 ጊዜ።
ሐ. እንደያዙ በአንድ እግር 10 ሰከንድ ይቁሙ፤ ከዚያ በሌላው።

ደረት ከጨነቀዎ፣ ከዞረብዎ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎ ያቁሙና ለሐኪም ይንገሩ።

ከዘራ የሚይዙ ከሆነ ቁመቱን ያስተካክሉ፦ ቀጥ ብለው ቆመው ክንድዎን ወደ ታች ሲለቁ የከዘራው እጀታ የእጅዎ አንጓ ጋ መድረስ አለበት። ጫፉ ላይ ጎማ ከሌለ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስደው ያስደርጉበት። ከዘራው የሚያዘው ከደካማው እግር በተቃራኒ እጅ ነው።

7. መውደቅን መከላከል

ለአረጋዊ ሰው አንድ ውድቀት የዳሌ ስብራት፣ ስብራቱም ወራት አልጋ ላይ መቆየት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልጅዎን ወይም የልጅ ልጅዎን ይዘው ቤቱንና ግቢውን አንድ ጊዜ ይዙሩ።

በግቢ ለሚኖሩ። አብዛኛው አደጋ ያለው ከአልጋ እስከ ጋራው ሽንት ቤት ባለው መንገድ ላይ፣ ሌሊት ነው። መብራት ጠፍቶ፣ ነጠላ ጫማ ተጫምቶ፣ ተጣድፎ መውጣት አለ። መፍትሔው፦ አልጋዎ ሥር ክዳን ያለው ፖፖ ይኑር፤ ሌሊት አይውጡ፤ ጠዋት ሌላ ሰው ይድፋው፤ በዚህ የሚያፍር ሰው የዳሌ ስብራትን ያስብ። ባትሪ ወይም ስልክ ትራስዎ አጠገብ ይደር። ከመኝታ 2 ሰዓት በፊት መጠጥ ይቀንሱ፤ ቀን ግን ውሃዎን ይጠጡ። ሌሊት ደጋግሞ የሚያስነሳዎ ከሆነ ዕድሜ ነው ብለው አይተዉት፤ ስኳር፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ በወንዶች ደግሞ ፕሮስቴት ሊሆን ይችላል።

ክረምት ሲገባ የአቃቂ ጥቁር ዋልካ ያሟልጫል፤ ጫማ ላይ ተለጥፎም እግር ያከብዳል። ሐምሌ ሳይገባ በር ላይና ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ጠጠር ወይም ገረጋንቲ ያስደፉ። ተረከዙ የተያዘ፣ ሶሉ የሚቆነጥጥ ጫማ ያድርጉ፤ ነጠላ ጫማውን ለፀሐይ ጊዜ ይተዉት። ወንዝ ዳር የሚኖሩ ጎርፍ ቢመጣ ማን ደግፎ ወዴት እንደሚያወጣቸው አስቀድመው ይስማሙ።

በኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ። ብዙዎቹ ሕንፃዎች ሊፍት የላቸውም፤ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ የገቡ አዛውንት ለሳምንታት ሳይወርዱ ይከርማሉ። አለመውረድ ራሱ ጉልበት ያሳጣል። በቀን አንድ ጊዜ ይውረዱ፤ በየወለሉ መታጠፊያ ላይ ቆም ብለው ይተንፍሱ፤ ሁልጊዜ የብረቱን መደገፊያ ይያዙ፣ ሲወጡ ጠንካራው እግር፣ ሲወርዱ ደካማው እግር ይቅደም። ዕቃ ተሸክመው ደረጃ አይውጡ። ሻወር ቤት ውስጥ ሴራሚኩ ላይ የማያንሸራትት ምንጣፍ ያንጥፉ፤ ጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይታጠቡ፤ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ያስገጥሙ። ሳሎን ውስጥ የሚታጠፍ ምንጣፍና የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ ይነሳ። የቤት ውስጥ በር ቁልፍ ከውጭ የሚከፈት ይሁን።

8. ጭስና ብርድ

አቃቂ ቀኑ ይሞቃል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቱ ግን ይበርዳል። በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ይገድላል፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ዕጣን ቢጨስበትም አይጠፋም። ማንደጃው ደጅ ይቀጣጠል፤ ቡናው ሲፈላ በርና መስኮት ይከፈት፤ ከመኝታ በፊት ማንደጃው ይውጣ። ለሙቀት ጋቢ፣ ካልሲ፣ ኮፍያ ይበቃል።

ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» ተብሎ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ልማድ ከ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ዘመን ለጽዳት የታሰበው ጭስ ዛሬ አስምና ሳል ላለበት አዛውንት ጠላት ነው። የዚያን ቀን ቤት ይሁኑ፣ በሩን ይዝጉ፤ ግቢውም ቆሻሻውን ከማቃጠል ቢያስነሳ ይሻላል።

2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለ የቲቢ ምርመራ ያድርጉ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራውም ሕክምናውም በነፃ ነው።

9. የመድኃኒቱ ፌስታል

በአብዛኛው ቤት መድኃኒት አንድ ፌስታል ውስጥ ነው፦ የዘንድሮው፣ የአምናው፣ ጎረቤት የሰጠው፣ ልጅ ከውጭ የላከው። ዛሬ አልጋ ላይ ዘርግፈው ይለዩት። ጊዜው ያለፈበት ወደ ፋርማሲ ይመለስ። ከውጭ የመጣውን የንግድ ስሙን ሳይሆን በትንንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ያስነብቡ፤ ካርቶኑ ተለየ እንጂ ጤና ጣቢያ የሰጠዎት ያው መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም ከወሰዱ መጠኑ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ለቀጠሮ ሲሄዱ ፌስታሉን እንዳለ ይዘው ይሂዱ። መድኃኒቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይግዙ፤ ከተቻለ ዋጋቸው ሻል ካለው ከከነማ መድኃኒት ቤቶች ይጀምሩ።

እነዚህን ይወቁ፦

ሀ. ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል። የሳል ሽሮፕ ከመግዛትዎ በፊት ለሐኪም ይንገሩ፤ መድኃኒቱ ይቀየርልዎታል።
ለ. አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። በራስዎ አያቋርጡ፣ ያሳውቁ።
ሐ. ሽንት የሚያበዛው የግፊት ክኒን ጠዋት ይወሰድ፤ ማታ ከወሰዱት እንቅልፍ ይነሳዎታል።
መ. ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ይወሰድ።
ሠ. ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ደጋግሞ መውሰድ ግፊት ይጨምራል፣ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም በልክ።
ረ. ሽፈራው፣ ነጭ ሽንኩርትና ሌላ የባህል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አይደብቁ፤ አንዳንዶቹ ግፊትና ስኳርን ስለሚያወርዱ ከክኒኑ ጋር ሲደመሩ ከልክ ያልፋሉ።

«ግፊቴ ወርዷል» ብሎ ክኒን ማቆም የተለመደ ነው። የወረደው ግን በክኒኑ ነው።

10. እግር፣ ዓይን፣ ጆሮ፣ ጥርስ

ስኳር ካለብዎ ማታ ማታ እግርዎን ይመርምሩ። በለብታ ውሃ ታጥበው በጣቶችዎ መካከል ያድርቁ፤ ውስጥ እግርዎን በትንሽ መስታወት ይዩ ወይም ለልጅ ያሳዩ፤ ተረከዝዎን ቫዝሊን ይቀቡ፣ በጣቶች መካከል ግን አይቀቡ። ጥፍር ቀጥ ብሎ ይቆረጥ። የደነዘዘ እግር እሳት ስለማይሰማው ማንደጃ ዳር አይሙቁ፤ በባዶ እግርም አይሂዱ። በአንድ ሁለት ቀን የማይሻለው ቁስል ሕክምና ይፈልጋል።

ዓይን በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ ግላኮማ የወሰደው ብርሃን ግን አይመለስም፣ ስለዚህ ቶሎ መታወቅ አለበት። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው፤ ሪፈር ሲጻፍልዎ አይዘግዩ። ጆሮ በክብሪት እንጨት አይጎርጎር። ጥርስ በመፋቂያም በብሩሽም ይጽዳ፤ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ቢጨመር ይመረጣል።

11. ሰው መድኃኒት ነው

ለብቻ መቆዘም ግፊት ያባብሳል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ማስታወስን ያደክማል። በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት የሚያስወጣዎ ነገር ይኑርዎ፦ ጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ጀመዓ፣ የጡረተኞች ዳማ፣ የጎረቤት ቡና። ለብቻዎ የሚኖሩ ከሆነ ከጎረቤት ጋር አንድ ምልክት ይስማሙ፤ ለምሳሌ እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ድረስ በርዎ ካልተከፈተ ጎረቤትዎ ያንኳኳል። ዕድራችሁም ለቀብር የሚወጣውን አቅም ለጉብኝት እንዲያውለው በስብሰባ ላይ ያንሱ፤ በወር አንድ ቀን የታመሙና የተኙ አባላትን የሚዞር ሰው ቢመደብ ወጪ የለውም።

ልጆች ሆይ፣ እናንተ ደግሞ ይህን አስተውሉ፦ አባባ ወይም እማማ ድስት እሳት ላይ መርሳት ከጀመሩ፣ የሚያውቁት መንገድ ከጠፋቸው፣ ወይም ለሳምንታት ከሰው ከሸሹ፣ እንቅልፍና ምግብ ካጡ «እርጅና ነው» አትበሉ፤ አሳክሟቸው። ሊድን የሚችል ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንዱ ልጅ ለቀጠሮ፣ ሌላው ለመድኃኒት ግዢ፣ ሌላው ለስልክ ኃላፊነት ይውሰድ፤ ሸክሙ ሁሉ ቤት ባለችው እኅታችሁ ላይ አይውደቅ።

12. ፈጥኖ የሚያስሮጥ ምልክት

አፍ በድንገት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ምላስ ከተሳሰረ ስትሮክ ይሆናል። «ምች መታው» ብሎ ዳማከሴ እያሹ ሰዓት ማጥፋት አይገባም። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይያዙ፤ የሚበላና የሚጠጣ አይስጡ፤ አስፕሪንም አይስጡ፤ በጎን አስተኝተው ወደ ሆስፒታል ይሩጡ። ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚዘልቅ የደረት ጭንቀት፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ከውድቀት በኋላ መቆም አለመቻል፣ ግፊት 180/120 ሆኖ ከራስ ምታት ወይም ከዕይታ ብዥታ ጋር መምጣት፣ እነዚህም ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጡ ናቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ነው። ሁለቱን ቁጥሮች በትልቁ ጽፈው በር ላይ ይለጥፉ።

በር ላይ አብሮ የሚለጠፍ ማስታወሻ

በየቀኑ፦ ቀስ ብሎ መነሳት፣ መድኃኒት፣ ውሃ፣ ስኳር ላለበት የእግር ምርመራ።
በየሳምንቱ፦ 30 ደቂቃ እርምጃ 5 ቀን፣ የሚዛን እንቅስቃሴ 3 ቀን፣ ከቤት ወጥቶ ሰው ማግኘት 2 ቀን።
በየወሩ፦ ክብደት፣ ግፊት፣ የመድኃኒት ቆጠራ። ሳይፈልጉ ክብደት ከቀነሱ ለሐኪም ይንገሩ።
በየዓመቱ፦ ዓይን፣ ጥርስ፣ ስኳር፣ ኩላሊት፤ የጤና መድን ዕድሳት፤ ከሐምሌ በፊት የግቢ ጠጠር።